ግሉታሜት፣ ጂ ፕሮቲንና የነርቭ ሕዋስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ የሕክምና ተማሪዎችን ፊዚዮሎጂ ሳስጠና በየዓመቱ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

ግሉታሜት ምንድን ነው? ምግብ ውስጥ ያለው ራሱ ነው?

አዎ፣ ራሱ ነው። ፕሮቲን ከሚገነባባቸው 20 አሚኖ አሲዶች አንዱ ነው። ከጣና የወጣው ቆሮሶ ውስጥም ሽሮ ውስጥም በፕሮቲን ታስሮ ይገኛል፤ በደንብ የቀላ ቲማቲም ውስጥ ደግሞ ነፃ ሆኖ በብዛት አለ። ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 እ.ኤ.አ. ከባሕር አረም መረቅ ለይቶ ያወጣው ስለ ነርቭ አስቦ አልነበረም፤ መረቁ ለምን እንደሚጥም ማወቅ ፈልጎ ነው። ሐይቅ ዳር ተቀምጣችሁ የምትበሉት አሳ ጉላሽ ቲማቲም ሲበዛበት የሚጣፍጠውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው።

ጉላሹ ግን አንጎላችሁን አያነቃቃም። ከተበላው ግሉታሜት አብዛኛውን የአንጀት ሕዋሳት ለራሳቸው ኃይል ያውሉታል፤ ወደ ደም ያለፈውንም በደምና በአንጎል መካከል ያለው አጥር እንዲህ በቀላሉ አያሳልፈውም። አንጎል ለመልእክት የሚጠቀምበትን ግሉታሜት እዚያው ከግሉኮስና ከግሉታሚን ይሠራል፤ በነርቭ ሕዋሱ ጫፍ በትንንሽ ከረጢቶች ቋጥሮ ያስቀምጠዋል፤ የኤሌክትሪክ ምልክት ሲደርስ ወደ ሲናፕስ፣ ማለትም ሁለት የነርቭ ሕዋሳት ወደሚገናኙበት ጠባብ ክፍተት፣ ይለቀዋል።

ግሉታሜትን የሚይዙት የሕዋስ ሽፋን ፕሮቲኖች፣ ተቀባዮቹ፣ ሁለት ዓይነት ናቸው ሲባል ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው?

የመጀመሪያው ዓይነት ተቀባይ ራሱ በር ነው። ግሉታሜት ሲይዘው መሃሉ ይከፈትና ሶዲየም፣ አንዳንዴም ካልሲየም፣ ወደ ሕዋሱ ይገባል። ሥራው በሚሊ ሰከንዶች የሚቆጠር ነው። አምፓ፣ ኤንኤምዲኤና ካይኔት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ጨራ ጨራ ድረስ ሄዳችሁ ከሆነ ከጣና ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውኃ የሚቆጣጠሩትን በሮች አይታችኋል። በሩ ተነሣ፣ ውኃው ሄደ፤ በመሃል ሌላ ጉዳይ የለም።

ሁለተኛው ዓይነት ቀዳዳ የለውም። ግሉታሜትን በውጭ በኩል ይይዛል፣ ቅርጹን ይለውጣል፣ የቅርጹ ለውጥ በሕዋሱ ሽፋን አልፎ ውስጥ የተቀመጠውን ጂ ፕሮቲን ይቀሰቅሳል። እዚህ ላይ ተቀባዩ ለበረኛው የሚደውል ሰው ነው፤ የትኛው በር እንደሚከፈት፣ የትኛው እንደሚዘጋ የሚወሰነው ውስጥ ነው። ስለዚህም ቀርፋፋ ነው፤ ውጤቱ ከአሥር ሚሊ ሰከንዶች ጀምሮ እስከ ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሜታቦትሮፒክ የግሉታሜት ተቀባይ ነው ሙሉ ስሙ፤ ክፍል ውስጥ ሁላችንም "ኤምግሉር" ስለምንለው እዚህም እንዲሁ እጠራዋለሁ።

ኤምግሉሮች መቼ ተገኙ?

ብዙም አልቆዩም። እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ ግሉታሜት በር ከመክፈት ሌላ ሥራ አለው ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ የአይጥ የነርቭ ሕዋሳት ላይ ግሉታሜት ሲጨመር ኢኖሲቶል ፎስፌት የተባለ ውህድ እንደሚበዛ ታየ፤ ይህ ደግሞ የበር ሥራ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጃፓናውያን ከአይጥ አንጎል የተወሰደ አርኤንኤ እንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ከትተው እንቁላሉ ለግሉታሜት በጂ ፕሮቲን በኩል ሲመልስ አዩ። የመጀመሪያው ተቀባይ ጂን የተነበበው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው።

"ጂ" ምንን ይወክላል? ዑደቱን በቀላሉ ማስረዳት ይቻላል?

"ጂ" የጉዋኒን ነው፤ ፕሮቲኑ ጂዲፒ ወይም ጂቲፒ የሚባል የጉዋኒን ውህድ ሁልጊዜ ይዞ ስለሚገኝ ነው። ሦስት ክፍል አለው፦ አልፋ፣ ቤታና ጋማ። ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ሦስቱ ተጣብቀው አልፋው ጂዲፒ ይዟል። ግሉታሜት የያዘ ተቀባይ ሲነካው አልፋው ጂዲፒውን ይለቃል፣ በምትኩ ጂቲፒ ይገባበታል፣ ከዚያ አልፋው ከቤታና ከጋማ ይላቀቃል። ቤታና ጋማ አይለያዩም፤ ባልና ሚስት ናቸው። ከዚህ በኋላ ሁለት ሠራተኛ አለ ማለት ነው፦ አልፋ ለብቻው፣ ቤታ-ጋማ ለብቻው። ብዙ ተማሪ አልፋን ተከትሎ ሄዶ ሁለተኛውን ይረሳዋል፤ በኋላ እንደምታዩት ነርቭ ውስጥ ግማሹን ሥራ የሚሠራው የተረሳው ነው።

ፈተና ላይ በየዓመቱ የማርመው አንድ ስሕተት አለ፦ "ጂዲፒው ላይ ፎስፌት ተጨምሮበት ጂቲፒ ይሆናል" የሚል። አይጨመርበትም። አሮጌው ወጥቶ አዲስ ይገባል። ሕዋስ ውስጥ ጂቲፒ ከጂዲፒ ስለሚበዛ ባዶ ቦታ ሲገኝ ቀድሞ የሚገባው ጂቲፒ ነው፤ ተቀባዩ የሚሠራው ቦታውን ማስለቀቅ ብቻ ነው። ጊልማንና ሮድቤል በ1994 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙት ጂ ፕሮቲኖችንና ሥራቸውን በማግኘታቸው ነው።

ስምንቱን የኤምግሉር ዓይነቶች መሸምደድ አለብኝ?

ቁጥሮቹን መሸምደድ አያቅትም፤ የሚጠቅመው ግን ሦስቱን ቡድን ማወቅ ነው። 1 እና 5 አንደኛ ቡድን ናቸው፤ ጂኪው የሚባለውን ጂ ፕሮቲን ይቀሰቅሳሉ። 2 እና 3 ሁለተኛ ቡድን፣ የቀሩት 4፣ 6፣ 7 እና 8 ሦስተኛ ቡድን ናቸው፤ ሁለቱም ቡድኖች የሚሠሩት ጂአይ ወይም ጂኦ ከሚባሉት ጋር ነው።

ቅርጻቸው በጠቅላላው አንድ ነው። በውጭ በኩል እንደ ሁለት መዳፍ የሚከፈትና የሚዘጋ ክፍል አላቸው፤ ግሉታሜት መሃሉ ሲገባ መዳፉ ይጨብጠዋል። ሽፋኑን ሰባት ጊዜ የሚያቋርጥ ክፍል ከሥር አለ። ብቻቸውንም አይሠሩም፤ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረው ነው።

አንደኛው ቡድን ሲቀሰቀስ ሕዋሱ ውስጥ ምን ይሆናል?

ጂኪው ፎስፎላይፔዝ ሲ የሚባለውን ኢንዛይም ያስነሣል። ኢንዛይሙ ሽፋኑ ውስጥ ያለ አንድ ቅባት ቆርጦ ሁለት መልእክተኛ ያወጣል። አንዱ አይፒ 3 ነው፤ በውኃ ስለሚሟሟ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይዋኛል። ሌላው ዳግ ነው፤ ቅባት ስለሆነ እዚያው ሽፋኑ ላይ ቀርቶ ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ የተባለውን ኢንዛይም ይጠራል።

አይፒ 3 የካልሲየም ጎተራ ወደሆነው የሕዋሱ ክፍል ደርሶ በሩን ያስከፍታል። ካልሲየም ለምን ይህን ያህል ይወራለታል ለሚሉ፦ በዕረፍት ላይ ያለ የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም ከውጭው በ10,000 እጥፍ ገደማ ያነሰ ነው። ጸጥ ባለ ሌሊት ሐይቁ ላይ አንድ መቅዘፊያ ውኃ ሲመታ ከሩቅ እንደሚሰማ ሁሉ፣ እንዲህ በባዶ ቤት ውስጥ ትንሽ ካልሲየም ከገባ ኢንዛይሞቹ ሁሉ ይሰሙታል።

አንድ የምወደው ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ኤምግሉር 1 እና ኤምግሉር 5 ወንድማማች ናቸው፤ ሁለቱም ጂኪው፣ ሁለቱም አይፒ 3። ሆኖም ኤምግሉር 1 ሲቀሰቀስ ካልሲየሙ አንዴ ወደ ላይ ይወጣና ይረጋል፤ ኤምግሉር 5 ሲሆን ግን ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል፤ እንደ ከበሮ ምት። በ1996 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ እንደታየው ልዩነቱ የመጣው ከተቀባዩ ጭራ ላይ ባለ አንድ አሚኖ አሲድ ነው፤ ያች አሚኖ አሲድ ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ ተቀባዩን መልሶ እንዲያፍነውና እንዲለቀው ታደርጋለች። መንገዱ አንድ ሆኖ ምቱ የተለያየ።

ቲቸር፣ ግሉታሜት አነቃቂ ነው ብለውን አልነበረም? እንዴት ያረጋጋል?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ክፍል አስተምሬ አላውቅም። ጥፋቱ የእኛ የአስተማሪዎቹ ነው፤ "ግሉታሜት አነቃቂ፣ ጋባ (ሌላው የአንጎል መልእክተኛ) አረጋጊ" ብለን አንደኛ ቀን ላይ አስጽፈን እንተወዋለን። ያ እውነት የሚሆነው ስለ በሮቹ ስናወራ ነው። ግሉታሜት በራሱ አነቃቂም አረጋጊም አይደለም፤ የሚያደርገውን የሚወስኑት ከተቀባዩ በታች የተሰለፉት ናቸው።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቡድን በብዛት የሚቀመጡት መልእክቱን በሚልከው የነርቭ ጫፍ ላይ ነው። ጫፉ የለቀቀው ግሉታሜት ተመልሶ ራሱን ይነካዋል። ያን ጊዜ አልፋው ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን የሕዋስ ውስጥ መልእክተኛ የሚሠራውን ኢንዛይም ያግዳል። ያ የተረሳው ቤታ-ጋማ ደግሞ በቀጥታ ሄዶ የካልሲየም በሮችን ይጫናቸዋል። ካልሲየም ካልገባ ከረጢቶቹ አይፈነዱም፤ ስለዚህ የሚለቀቀው ግሉታሜት ይቀንሳል። በሌላ ቦታ ደግሞ ቤታ-ጋማ የፖታሲየም በር ይከፍታል፤ ፖታሲየም ሲወጣ ሕዋሱ ይረጋጋል። ባጭሩ ጫፉ የራሱን ድምፅ እየሰማ ይቀንሳል፤ መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ውስጥ ማይክ የያዘ ሰው ድምፁ ሲጮኽበት ራቅ እንደሚያደርገው።

እዚህ ላይ ኤምግሉር 7 ለየት ይላል። የሚቀመጠው ከረጢቶቹ በሚፈነዱበት ቦታ ልክ ላይ ነው፤ ለግሉታሜት ያለው ፍቅር ግን በጣም ዝቅተኛ ነው፣ ሊነቃ ወደ ሚሊሞላር የሚጠጋ መጠን ይፈልጋል። ኤምግሉር 2 በአንጻሩ ከዚያ ቦታ ራቅ ብሎ ተቀምጦ የሞላውን ሳይሆን የፈሰሰውን ይጠብቃል። ኤምግሉር 3 ነርቭ ባልሆኑት አስትሮሳይቶች ላይም አለ።

ምልክቱ በምን ይቆማል?

በሦስት ቦታ። ከውጭ፦ ሲናፕስ ውስጥ ግሉታሜትን የሚሰብር ኢንዛይም የለም (አሴቲልኮሊን የተባለው ሌላ የነርቭ መልእክተኛ እንዳለው ያለ)፣ ስለዚህ አጓጓዦች፣ በተለይ አስትሮሳይቶች ላይ ያሉት፣ ጠርገው ያስገቡታል። ከውስጥ፦ አልፋው የያዘውን ጂቲፒ ራሱ ቆርጦ ወደ ጂዲፒ ይመልሰዋል፣ ከዚያ ከቤታ-ጋማ ጋር ይታረቃል። ለብቻው ቀርፋፋ ስለሆነ አርጂኤስ የሚባሉ ፕሮቲኖች ያፋጥኑታል። ተቀባዩ ራሱ ደግሞ ብዙ ከተነካ ፎስፌት ተለጥፎበት፣ አሬስቲን በሚባል ፕሮቲን ተሸፍኖ፣ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይሰበሰባል።

ዳፍንት ከዚህ ጋር ግንኙነት አለው?

በአብዛኛው የለውም፣ ግን ጥያቄው እጅግ ጥሩ ነው። እኛ አካባቢ ዳፍንት ሲባል የሚታሰበው የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። እጥረቱ ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚይዘውን ቀለም ያሳጣል፤ ጉበት፣ እንቁላል፣ ካሮትና ጥቁር አረንጓዴ ቅጠል ወይም የቫይታሚኑ እንክብል ይመልሰዋል። ሌላ ግን በቫይታሚን የማይመለስ፣ ከውልደት ጀምሮ ያለና የማይባባስ በጨለማ ያለማየት ችግር አለ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የኤምግሉር 6 ጂን ጉድለት ነው።

ይህን ለመረዳት ዓይን ተገልብጦ እንደሚሠራ መቀበል ያስፈልጋል። የዓይን ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ግሉታሜት የሚለቁት በጨለማ ነው፤ ብርሃን ሲመጣ ይቀንሳሉ። ሌሊት ጣና ላይ መረብ ጥሎ የሚጠብቅ አሳ አጥማጅ ዓይኑ ውስጥ ግሉታሜት እየፈሰሰ ነው ያለው። ከብርሃን ተቀባዮቹ ቀጥሎ ካሉት ሕዋሳት ግማሾቹ ላይ ያለው ተቀባይ ኤምግሉር 6 ብቻ ነው። ግሉታሜቱ ሲነካው ጂኦ ይቀሰቀሳል፣ ጂኦ ደግሞ ትሪፕኤም 1 የሚባለውን በር ዘግቶ ይይዘዋል። ከማዶ ካለ ታንኳ አንድ ፋኖስ ብልጭ ሲል ግሉታሜቱ ይቀንሳል፣ ጂኦ ያርፋል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሕዋሱ "ብርሃን!" ይላል።

ልብ በሉ፣ ግሉታሜት ሲመጣ ሕዋሱ ዝም ይላል፣ ግሉታሜት ሲሄድ ይናገራል። ከላይ ስለ አነቃቂነት ያልኩትን ለሚጠራጠር ተማሪ የማሳየው ይህን ነው። ፍጥነቱም አለ፦ ጂኦ ቶሎ ካላረፈ ብርሃኑ አልፎ ምልክቱ በዘገየ ነበር፤ ስለዚህ እነዚህ ሕዋሳት ውስጥ ሁለት አርጂኤስ ፕሮቲኖች፣ ቁጥር 7 እና 11፣ ተረባርበው ያጠፉታል። ጉድለት ያለበት ሰው ቀን ላይ የሚያየው ከጎን ያሉት ሌሎቹ ሕዋሳት ኤምግሉር 6 ስለማይጠቀሙ ነው፤ እነሱ ላይ ያለው የበር ዓይነቱ ተቀባይ ነው።

ታንኳ መቅዘፍ ወይም ብስክሌት መንዳት ስንለምድ ኤምግሉር ሥራ አለው?

አለው፣ ኤምግሉር 1 ነው። ከጭንቅላታችን ኋላ ባለው ሴሬቤለም ውስጥ ፑርኪንጂ የሚባሉ ትልልቅ ሕዋሳት ላይ በብዛት ተቀምጧል። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ መጀመሪያ ቀን የወጣ ሰው ምን እንደሚሆን ባሕር ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃል፦ ወደ ግራ ሲያዘነብል ወደ ቀኝ ይጥላል፣ ሲያርመው ይብስበታል። ፑርኪንጂ ሕዋስ ሁለት ወሬ ይደርሰዋል፦ "እንዲህ እያደረግህ ነው" የሚል ከብዙ ቀጫጭን ክሮች፣ "ተሳስተሃል" የሚል ከአንድ ጠንካራ ክር። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ኤምግሉር 1፣ ጂኪው፣ ካልሲየምና ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ አብረው ሠርተው ስሕተቱን ያመጣው ሲናፕስ ላይ ያሉትን አምፓ በሮች ወደ ውስጥ ይሰበስቧቸዋል። ሲናፕሱ ይደክማል። በሌላ አነጋገር አንጎል ከሚማርባቸው መንገዶች አንዱ የማይጠቅመውን ድምፅ መቀነስ ነው።

ኤምግሉር 1 የሌላቸው አይጦች ይንገዳገዳሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. ተቀባዩ ወደ ፑርኪንጂ ሕዋሳት ብቻ ሲመለስላቸው አካሄዳቸው ተስተካክሏል። ሰው ላይም ሰውነት በስሕተት ኤምግሉር 1ን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል ሲያመርት በሽተኛው እንደ ሰካራም መንገዳገድ ይጀምራል። ከሲናፕስ መድከም ውጭ እንቅስቃሴ መማር አይቻልም ወይ የሚለው ግን አሁንም የሚያከራክር ነው፤ መማሪያ መጽሐፉ የሚለውን ያህል አልተዘጋም።

ጓያ የሚያሽመደምደው በዚህ መንገድ ነው?

ግሉታሜት ተቀባይ ድረስ ትክክል ናችሁ፤ ጂ ፕሮቲን ላይ ግን ተለያየን። ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የሚባል ግሉታሜትን የሚመስል ውህድ አለ፤ በዋናነት የሚይዘው አምፓን ነው፣ የበር ዓይነቱን። በሩ ሳይዘጋ ሲቆይ እግር የሚያዙት የነርቭ ሕዋሳት ይጎዳሉ። እግር ይደርቃል፣ ሰው በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ በምርኩዝ ይሄዳል፤ አእምሮው ግን አይነካም። ጉዳቱ አይመለስም።

የጣና ዙሪያ ሰው ይህን ከመጽሐፍ አልተማረውም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ደምቢያና ፎገራ አካባቢ በወረርሽኝ መልክ ታይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጓያ ሌላው አዝመራ ሲከዳ የማይከዳ ነው፣ በችግር ጊዜ ሰው ለወራት እሱን ብቻ ይበላል። እንፋሎቱ ወይም ማሳው ውስጥ ማለፍ ያሽመደምዳል የሚል እምነትም አለ፤ ዋናው ነገር ግን የተበላው መጠንና ጊዜ ነው። ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከእህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ይቀንሰዋል። ከቤተሰብ አንድ ሰው ሩጫ ሲያቅተው ወይም እግሩ ሲከብደው ጓያውን ወዲያው ማቆምና ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ኤምግሉር እንዲህ ከታወቀ ለምን በእሱ ላይ የሚሠራ መድኃኒት አልወጣም?

የተሞከረው ብዙ ነው። በስምንቱም ላይ ግሉታሜት የሚቀመጥበት ቦታ ስለሚመሳሰል አንዱን ለይቶ መንካት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች ሽፋኑ ውስጥ ያለው ሌላ ክፍል ላይ የሚለጠፉ ውህዶችን ይሠራሉ። እነዚህ አያበሩም አያጠፉም፣ ግሉታሜት ሲመጣ ድምፁን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋሉ።

ሁለተኛውን ቡድን የሚያነቃ አንድ መድኃኒት በ2007 እ.ኤ.አ. ለስኪዞፍሬኒያ ተስፋ አሳይቶ ነበር፤ በሰፊው ሲሞከር ከባዶ ክኒን ስላልበለጠ በ2012 እ.ኤ.አ. ቆመ። ፍራጃይል ኤክስ የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የአእምሮ እድገት ችግር ላይ የሆነው ደግሞ ያሳዝናል። እዚያ የፕሮቲን ምርትን የሚገታ ፍሬን ይጠፋል፣ የኤምግሉር 5 ጥሪ ሳይገታ ያልፋል፤ በአይጦች ላይ የኤምግሉር 5 መጠን በግማሽ ሲቀነስ ብዙው ምልክት ተስተካከለ። ሰው ላይ ግን ተቀባዩን የሚያፍኑ መድኃኒቶች ሲሞከሩ የተጠበቀው አልመጣም። በእኔ ግምት አይጦቹ ሲወለዱ ጀምሮ የተቀነሰላቸው መሆኑ፣ ሰዎቹ ግን አድገው መድኃኒት መጀመራቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ሳይሆን አይቀርም።

ኤምግሉር ያለ ጂ ፕሮቲን ይሠራል?

አንዳንዴ። ሆመር የሚባል ፕሮቲን ኤምግሉር 1ን እና 5ን ከታች ካለው የካልሲየም ጎተራ በር ጋር በአካል ያስራቸዋል፤ ጂኪው ባይኖርም ትስስሩ አለ። ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ በአንዳንድ ሕዋሳት ላይ ደግሞ ጂ ፕሮቲን ሙሉ በሙሉ ታግዶ እንኳ ኤምግሉር 1 ሳርክ በሚባል ኢንዛይም በኩል የኤሌክትሪክ ፍሰት እንደሚያስነሣ በ1999 እ.ኤ.አ. ታይቷል። ፈተና ላይ ከመጣ ግን "ጂኪው" ብላችሁ ጻፉ፤ ሳርክን ማንሣት የፈለገ ምክንያቱን ከጎኑ ይጨምርልኝ፣ አለዚያ ግማሽ ነጥብ ነው።